ባዶው ቤት ሲታለፍ

ካሚታኒ፣ በሦስተኛው ወር 6ኛ ቀን፣ 1966

ልጄ ሚናኤ፣

በሰሜን በኩል ያለው የጣሪያችን በረዶ ገና አልወረደም። እናትሽ በየማለዳው በመጥረጊያ እንጨት እየነካካች ታስፈራራዋለች፤ እሱ ግን ንቅንቅ የለም። የላክሽላት የጉልበት ቅባት ተስማምቷታል፣ ሽታው ግን ድመቷን ከቤት አስወጥቷታል። በተረፈ ሁላችንም ደህና ነን።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩትና በመጨረሻ ሳቅሁ። ለአገር አቀፉ የሶሮባን ውድድር የቁጥር ጠሪነት ፈተና ልቀመጥ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ እኔን መጠየቅ ምን ማለት ነው? የማን ልጅ እንደሆንሽ ኦሳካ አስረሳችሽ እንዴ? ተቀመጪ እንጂ። ሴት ጠሪ ኖሮ አያውቅም ትያለሽ፤ ታዲያ ይኑራ። ጥርት ያለ ድምፅ ከእናትሽ፣ ፈጣን ምላስ ደግሞ ከእኔ ወስደሻል። አፍንጫሽን ከማን እንዳመጣሽው ብቻ አላውቅም።

ምክር ከፈለግሽ ያለኝ አንድ ነው፣ እሱንም ታውቂዋለሽ። ባዶውን ቤት ስታልፊ ትንፋሽ ስጪው። አባቴ ሲጠራ እንዲያ ነበር፣ እኔም እንዲያው ነኝ። ሰው የሌለበት ቤት ቢሆንም ደጃፉ ላይ ቆም ሳይሉ ማለፍ ብልግና ነው። የከተማ ጠሪዎች ውሻ እንደሚያሳድዳቸው ነው የሚሮጡት። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ለውድድሩ እዚያ ሄደው አንገታቸውን ደፍተው የሚመለሱት ለምን ይመስልሻል? ወረቀት ላይ ያለውን ማባዛትና ማካፈል በአንደኝነት ይጨርሱና፣ ጠሪው ቆሞ ቁጥሩን በአፉ ሲያወርደው እነሱ ደግሞ በሶሮባኑ ዶቃ ሲደምሩት፣ እዚያ ላይ ይወድቃሉ። ጫጫታው ነው። መኪናው፣ ባቡሩ፣ የሰዉ ጩኸት ጆሯቸውን ይደፍነዋል።

ዘንድሮ ግን ኩኒኮ አለችልን። የከሰል አክሳዩ የሞሪ ትልቋ ልጅ፣ ያቺ ጉንጯ ሁልጊዜ ጥላሸት የነካው። ከአውራጃው አንደኛ ወጥታ በስምንተኛው ወር ኦሳካ ትመጣለች። ከአፌ የወጣ ቁጥር አምልጧት አያውቅም። ዘንድሮ ያዩናል።

አባትሽ ቶኩጂ


ኦሳካ፣ በአራተኛው ወር 11ኛ ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

የላኩልኝ የቀርከሃ ቡቃያ አፈሩ እንዳለበት ደረሰኝ። ካሚታኒን ያሸተትኩ መሰለኝና ሳላጥበው ትንሽ ይዤው ተቀመጥኩ። ከዚያ ከአከራዬ ከወይዘሮ ኦታኪ ጋር ቀቅለን በላነው፤ "አባትሽ ጥርሳቸው ጠንካራ ነው መሰለኝ" ብለዋል።

ደህና ነኝ ወይ፣ ጠዋት ጠዋት እለማመዳለሁ ወይ ላሉኝ፣ አዎ። እንዲያውም ወይዘሮ ኦታኪ በግድግዳው ማዶ ሲሰሙኝ ከርመው፣ ጸሎት ነው ወይስ ታመሻል ብለው ጠየቁኝ። ቁጥር ነው ብላቸው አላመኑም። ጋዜጣ አመጡና የመንግሥቱን በጀት እያሳዩ "እስቲ ይህን አንብቢልኝ፤ ይሄ ሁሉ ክብ ምንድን ነው፣ እንቁላል ነው?" አሉ። ኮማው በየሦስቱ እንደ ፈረንጆቹ ስለተጣለ ነው የተምታታባቸው። ኮማውን ይርሱት አልኳቸውና ከቀኝ ጀምሬ በየአራቱ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ።

እርስዎ ልጅ ሳለሁ እንዳስረዱኝ ነው ያስረዳኋቸው። እያንዳንዱ አራት አንድ ቤት ነው፤ አራት ክፍል አለው፣ የአንድ፣ የአሥር፣ የመቶና የሺህ። ሺዎቹ አሥር ሲሞሉ ቤቱ አይችላቸውም፣ ወደ ግራው ጎረቤት ይሻገራሉ። በቀኝ ጫፍ ያለው ቤት ስም የለውም፤ ሁለተኛው እልፍ ይባላል፣ ሦስተኛው ኦኩ፣ አራተኛው ቾ። አንዱ ቤት ከቀኝ ጎረቤቱ እልፍ ጊዜ ይበልጣል። ስንጠራ ከግራ እንጀምራለን፤ መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች፣ ማለት አኃዞቹን፣ ቀጥሎ የቤቱን ስም። ባዶ ክፍል አይጠራም። ቤቱ በሙሉ ባዶ ከሆነም ስሙ ሳይነሳ ይታለፋል።

ወይዘሮ ኦታኪ ግን "ካልጠራሽው ታዲያ ሰሚው ባዶ ቤት መኖሩን በምን ያውቃል?" አሉኝ። እሱን ማወቅ የሰሚው ሥራ ነው አልኳቸው። በጀቱን ግን አንብበው ጨረሱ፤ አሁን ጎረቤት በመጣ ቁጥር ጋዜጣውን እያወጡ ያነቡለታል፣ በኩራት አንገታቸው ረዝሟል።

የመጀመሪያውን ዙር አልፌያለሁ። ከዳኞቹ አንዱ፣ አቶ ኒሺዳ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ስለ አጠራሬ አንድ ቃል ተናግረውኛል። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ሚናኤ


ኦሳካ፣ በአምስተኛው ወር 2ኛ ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

ፖስት ካርድዎ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ቁጣ በፖስት ካርድ አይላክም አባባ፤ ፖስተኛው አንብቦት እንደመጣ ፊቱ ያስታውቅ ነበር፣ ሲሰጠኝም "አይዞሽ" አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ወይዘሮ ኦታኪ ያን ሁሉ ለፍልፌ ስለ አቶ ኒሺዳ አንድ መስመር ጥዬ ማለፌ እውነትም ያናድዳል።

አቶ ኒሺዳ ያሉት፣ ስጠራ የተራራ ሰው መሆኔ ያስታውቃል ነው። ለዛሬ ይህን ብቻ ይቀበሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፣ የተኙ ይመስላል፣ ግን ምንም አያመልጣቸውም።

ስለ ሌሎቹ ጥያቄዎችዎ፤ የለም፣ አልታመምኩም። አዎ፣ በደንብ እበላለሁ። የለም፣ ባል አላገኘሁም፣ እየፈለግሁም አይደለም። ሁለተኛውን ዙር አልፌያለሁ። የቀረነው ጥቂት ስንሆን ከእኔ በቀር ሁሉም ወንዶች ናቸው። አንደኛው ክራባቱን እያስተካከለ "እህት፣ ሻይ ብታመጪልን" አለኝ። የቢሮው ሠራተኛ መስዬው ነው። አመጣሁለት። ከዚያ ስሜ ተጠርቶ ተነሳሁና ስጠራ፣ ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኩኒኮ ቁጥር ስትይዝ ዓይኗ የት ነው? ዶቃው ላይ ነው ወይስ እርስዎ ላይ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ልጅዎ ሚናኤ


ካሚታኒ፣ በስድስተኛው ወር 4ኛ ቀን

ልጄ ሚናኤ፣

የሩዙ ችግኝ ተተክሎ አለቀ። ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም፤ ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪብኝ፣ ራሷ ጎንበስ እንዳለች ቀርታለች።

የተራራ ሰው መሆንሽ ቢያስታውቅ ምን አለበት? ያ ሰውዬ በእጁ የያዘው ሶሮባን ዶቃው ተልጎ፣ ዘንጉ ተስሎ፣ ክፈፉ የተገጠመው በእኛ ሸለቆ መሆኑን ንገሪው። ሶሮባኑን ከእኛ ገዝቶ አፋችንን ሊንቅ ነው? የሻዩን ነገር ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ቶፉ ሻጩ ገበያ ሙሉ ሲያወራው ዋለ፤ አሁን በሱ አፍ ሻዩ ሆን ተብሎ ፊቱ ላይ ተደፍቷል። አላስተባበልኩም።

ስለ ኩኒኮ የጠየቅሽው አልገባኝም፣ ግን ልመልስ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ከደረቴ አይነቀልም። ዶቃውን ማየት አያስፈልጋትም፣ ጣቷ ራሱ ያውቀዋል። የቤቱ ስም ከአፌ ሳይወጣ እጇ እዚያ ቤት ደርሶ ሰዎቹን አስገብቷቸዋል። እናትሽ ባለፈው በመስኮት ስታየን ቆይታ "ይቺ ልጅ እኮ አንተ ስትተነፍስ አብራህ ነው የምትተነፍሰው" አለችኝ። እንዲህ ያለ ተማሪ ለአንድ መምህር በዕድሜው አንዴ ቢሰጠው ነው።

ይህን ጨምሬ ልንገርሽ። የአውራጃው ከተማ ባንክ በውድድሩ የጥሪ ዙር ካለፈች እቀጥራታለሁ ብሏል። ካልሆነ ከአባቷ ኋላ ከሰል ተሸክማ ተራራ መውጣትና መውረድ ነው፤ ከበስተኋላዋ ያሉት ታናናሾቿ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ሞሪ ሰው ፊት ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ትናንት ግን ደጃፌ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ "መምህር፣ አደራ" አለኝ። በእኔ ጣለው አልኩት።

አባትሽ


ኦሳካ፣ በስድስተኛው ወር 27ኛ ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

ዝናቡ አላባራም፤ ጫማዬም ልቤም ረጥቧል። እናቴ በመስኮት አይታ ያለችውን ባይጽፉልኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አሁንም አዘገየው ነበር።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን። ተመረጥኩ። በስምንተኛው ወር የመጨረሻውን ዙር የምጠራው እኔ ነኝ። እባክዎ እዚህ ላይ አቁመው ይህን ለእናቴ ያንብቡላት። የሚቀጥለውን ግን ብቻዎን ያንብቡት።

አቶ ኒሺዳ የነገሩኝ ከጻፍኩልዎ በላይ ነበር። ደብቄዎታለሁ። ያሉኝ እንዲህ ነው፤ "ባዶ ቤት ስትደርሺ ትተነፍሻለሽ። ለተወዳዳሪው በር እየከፈትሽለት ነው። ቁጥሩን ሳይሆን ደረትሽን ነው የሚሰሙት።" ከአንገት በላይ አመስግኜ ወጣሁ፣ በሆዴ ግን የአባቴን አጠራር መቼ ሰምተህ እያልኩ ስሳደብ ነበር። ውድድሩን በሚያዘጋጀው ማኅበር ቢሮ ቴፕ መቅጃ አለ። አስፈቅጄ ድምፄን ቀዳሁና ሰማሁት። ትንፋሼ ከቃሌ እኩል ይሰማል አባባ። እንዴት እስከ ዛሬ አልሰማሁትም?

ከዚያ እዚህ ያሉትን፣ እርስዎ ያስተማሯቸውን የካሚታኒ ልጆች፣ ባቡር ጣቢያ የሚሠራውን ቴሩኦንና ጓደኞቹን፣ እሁድ ሰብስቤ ጠራሁላቸው። እየተነፈስኩ ስጠራ ሁሉም ያዙ። ትንፋሼን ውጬ ስጠራ ሁሉም ወደቁ፣ ያውም ሁሉም በአንድ ስህተት። "አምስት ኦኩ ሃያ አንድ" ነበር ያልኳቸው። የእልፍ ቤት ባዶ ነው፤ ሃያ አንዱ የመጨረሻው ቤት ነዋሪዎች ናቸው። የኛ ልጆች ግን ገና "ሃያ አንድ" ስል እልፍ ቤት አስገቧቸው፤ ትንፋሽ ስላልሰሙ ባዶ ቤት የለም ብለው። እልፍ የሚለው ስም ሳይመጣ ሲቀር በአንድ ቤት ተሳስተዋል፣ ለመመለስ ደግሞ ጊዜ የለም፣ ቀጣዩ ቁጥር ደርሷል።

የከተማ ልጆች እንዲያ አያደርጉም። ሰዎቹን በጆሯቸው ይዘው የቤቱን ስም ይጠብቃሉ፤ ስም ካልተጠራ የመጨረሻው ቤት ነው ብለው ያኔ ዶቃውን ያንቀሳቅሳሉ። እኛ መጠበቅ አልለመድንም፤ እርስዎ ሁልጊዜ ቀድመው ይነግሩን ነበርና። ጫጫታው አይደለም አባባ። መኪናውም አይደለም፣ ባቡሩም አይደለም።

ኩኒኮ ስትወድቅ የምትወድቀው በእኔ አፍ ነው፤ የሞሪን ባርኔጣ ከጻፉልኝ ወዲህ ይህ ከሐሳቤ አልወጣም። ለአቶ ኒሺዳ የእርስዎ ልጅ መሆኔን፣ ተማሪዎ እንደምትወዳደር ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቦታውን ልመልስ አልኩ። "አትመልሺ። አንድ ትንፋሽ ቢያመልጥሽ አዳራሹ ሙሉ ይሰማሻል፤ በትክክል ከጠራሽ ደግሞ ቀድመው የሚያሙሽ ያገርሽ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የበለጠ ዋስ አልፈልግም" አሉኝ። ቁጥሮቹን እስከ ዕለቱ አላያቸውም።

ስለዚህ ቀድሜ ልንገርዎት። አልተነፍስም። ለኩኒኮም ቢሆን፣ ለእርስዎም ቢሆን። ያሳደገኝ ሰው ለወዳጅ ብሎ ቁጥር ማጉደል ነውር መሆኑን ነው ያስተማረኝ።

ልጅዎ ሚናኤ


ኦሳካ፣ በሰባተኛው ወር 16ኛ ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

ሙቀቱ እዚህ ግድግዳ ያስለቅሳል። እዚያ ማታ ማታ ነፋስ ይኖራል ብዬ እጽናናለሁ።

መልስዎ አልመጣም። እናቴ ግን በቶፉ ሻጩ በኩል የላከችልኝ አጭር ማስታወሻ ደርሶኛል፤ እርስዎ ከዶሮዎቹ በቀር ማንንም እንደማያናግሩ፣ ዶሮዎቹም እየተጨነቁ እንደሆነ ትላለች። ልቤ ተሰብሮ ሳለ ሳቅሁ።

ስላሳዘንኩዎት ይቅርታ እለምናለሁ። ስለነገርኩዎት ግን ይቅርታ አልልም፤ እንዲህ ያለውን ይቅርታ እርስዎም አይወዱትም። ተቆጥተውም ቢሆን ይጻፉልኝ። ፖስት ካርድም ይሁን፣ ፖስተኛው ለምዷል።

ልጅዎ ሚናኤ


ካሚታኒ፣ በሰባተኛው ወር 25ኛ ቀን

ሚናኤ፣

ለምን ይህን ያህል ቆየሁ? በደንብ ስለተቆጣሁ ነው። ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ ልከተው ስል እናትሽ ነጠቀችኝ። ብቻህን አንብብ የተባልኩትንም ጭምር አነበበችው፤ ከዚያ ሩዝ ማጠቧን ቀጠለች። ይህም አናደደኝ።

በማግስቱ ኩኒኮን አስቀምጬ ትንፋሼን ውጬ ልጠራላት ሞከርኩ። አቃተኝ። አፌ እሺ አላለም፤ ባዶ ቤት ስደርስ ደረቴ ራሱ ይከፈታል። አፌን በመሐረብ ሸፈንኩ፣ ከመጋረጃ ኋላ ቆምኩ፣ ጀርባዬን አዞርኩ። ልጅቱ ሁሉንም ያዘችው። የምትይዘው ግን እኔን ነበር። ያልሽው ልክ መሆኑን ያወቅሁት በመውደቋ አይደለም፣ ባለመውደቋ ነው።

ስለዚህ እናትሽን ጠሪ አደረግኋት። አዎ፣ እናትሽን። ሶሮባን የምትነካው አቧራ ስትጠርግ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን በአኃዝ ጽፌ ብሰጣት ባዶ ክፍሉን ሁሉ እየቆጠረች "ምንም፣ ምንም፣ ምንም" እያለች አነበበችው፤ ኩኒኮ ስትስቅ ዶቃዋ ተዘበራረቀባት። ከዚያ በቃላት ጻፍኩላት። በቃላት ሲጻፍ ባዶ ቤት ወረቀቱም ላይ የለም፣ ተዘሎ ነው የሚሄደው። በቃ ተመቻት። ለሷ ባዶ ቤት ብሎ ነገር የለም፤ የተጻፈላትን የታጠበ ልብስ እንደምትቆጥር ታወርደዋለች። መሃል ላይ ዶሮ ከገባ "እሽ" ብላ ታባርርና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

መጀመሪያ ቀን ኩኒኮ አንዱንም አልያዘችም። ሶሮባኑን ገፍታ ተነሳችና ደጃፍ ላይ ቆማ "መምህር፣ እስከ ዛሬ የያዝኩት ቁጥሩን ነው ወይስ እርስዎን?" አለችኝ። ያን ቀን ወደ ማሳው ወርጄ ምንም ሳልሠራ ተመለስኩ። እሷ ግን በማግስቱ ከእኔ ቀድማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር፣ ወደ እናትሽ ዞራ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አልነግርሽም። አንቺ ጠሪ ነሽ፣ እሷ ተወዳዳሪ ናት፤ በመካከላችሁ ወሬ አይሂድ። አትጠይቂኝም። እኔም አልመጣም፣ አረሙ አለ።

አንድ ነገር ግን ልበል። አልተነፍስም ያልሽውን መስመር እናትሽ ድምፅ አውጥታ አነበበችውና "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አለች። ደስ ብሎኝ ነበር።

አባትሽ


ካሚታኒ፣ በስምንተኛው ወር 21ኛ ቀን

ልጄ ሚናኤ፣

አዎ፣ ከምሰሶው ኋላ ያየሽው ሰው እኔ ነበርኩ። ሳያገኙኝ ለምን ሄዱ ብለሽ ተቀይመሻል። ቅያሜሽ ልክ ነው፤ ቁጭ በይና ልንገርሽ።

አልመጣም ብዬ ነበር፣ የምሬን ነው። እናትሽ "አረሙን እኔ እነቅለዋለሁ" ብላ ባርኔጣዬን አናቴ ላይ ደፋችልኝ። ኩኒኮ ከአባቷ ጋር ቀድማ ሄዳ ነበር፤ እንዳታየኝ በሌላ ባቡር መጣሁ። ከኋላ ተቀምጬ ሶሮባኔን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ዝም ብዬ ልሰማሽ አልነበረም የመጣሁት፤ ልይዝሽ ነው። አባቴ እንኳ ሲጠራ ከእጄ ያመለጠው ቁጥር አልነበረም።

ስትወጪ ከፊቴ ያለው ሰውዬ "ሴት ናት እንዴ?" ብሎ አጉረመረመ። የእኔ ናት ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አፍሽን ስትከፍቺ ዝም አለ። ያ ድምፅ ከእኔ ቤት የወጣ ነው ብሎ ማን ያምናል እያልኩ ጣቶቼ ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ያዝኩ። በጎኔ ያለው ወጣት ቀና ብሎ አየኝ፤ ኮራ ብዬ ጀርባዬን አቀናሁ።

ከዚያ "ሰባት ቾ ሦስት መቶ ስድስት" አልሽ። ሁለት ቤት ሙሉ ባዶ ነው፣ ኦኩም እልፍም፣ አንቺ ደግሞ እንደ አንድ ቃል አድርገሽ አሳለፍሽው። እጄ ራሱ ሄደ። ሦስት መቶ ስድስቱን ኦኩ ቤት አስገባቸው። ስሙን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። የመጣው ቀጣዩ ቁጥር ነው፣ ከዚያም ቀጣዩ፣ ሁሉም በላዬ ላይ አለፉ። ሶሮባኔን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አስተኛሁት።

ያኔ ቀና ስል ኩኒኮን አየኋት። ዓይኗ ማንም ላይ አልነበረም፣ አንቺም ላይ። ጣቷ ከዶቃው በላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ስም እንደማይመጣ ሲያውቅ ወረደ። እኔ ያላስተማርኳትን ነገር ስትሠራ ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ መምህር ካልሆንሽ አይገባሽም። ሞሪ ከጎኗ ካለው ረድፍ ተቀምጦ ባርኔጣውን እንደ ጨርቅ ሲጠመዝዘው ነበር።

የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ መልሱን ያነበብሽው አንቺ ነሽ፣ እጃቸውን ያወጡትንም ያየሽው አንቺ ነሽ። መጨረሻ ላይ ያ የኪዮቶ ሰውዬ ቀደማት፤ ይቅደማት። ከካሚታኒ ወጥቶ ከአገሩ ሁሉ ሁለተኛ የሆነ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። ባንኩ ትናንት የቅጥር ደብዳቤዋን ልኳል። ሞሪ ጠጥቶ ደጃፌ ላይ ጨፈረ፤ ያ ዝምተኛ ሰውዬ ይህን ሁሉ ዘፈን የት ደብቆት እንደኖረ እንጃ።

አሁን የጠየቅሽኝን። የተወዳዳሪ መምህር ከጠሪዋ ጋር አዳራሹ መሃል ሲሳሳም ቢታይ ሰው ምን ይላል? አንደኛው ይሄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እስቲ ሶሮባንዎን ያሳዩኝ እንዳትይ ፈራሁ። ዓይኔም ቀልቶ ነበር። በባቡሩ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ አየችኝና ሐዘን ደርሶብዎት ነው ወይ አለችኝ። "የለም፤ ልጄ አሸነፈችኝ" አልኳት። ከዚያ እስክወርድ ድረስ ስላንቺ ስነግራት መጣሁ። ምስኪን፣ የምትወርድበት ጣቢያ ሳያልፋት አይቀርም።

ሰው ጠርቶ መጀመሪያ ያመለጠኝ ቁጥር ያ ነው፣ እሱም ያንቺ ነው። ኮርቼብሻለሁ። ይህን ቃል በአፌ ብለው እዚያው አለቅስ ነበር፤ ስለዚህ ጽፌ ላክሁልሽ።

ባዶ ቤት ላይ መተንፈስ እኛ ክፍል ውስጥ ቀርቷል። እናትሽ ትጠራለች፤ ልጆቹ ለምደዋታል፣ ዶሮዎቹም ጭምር። እኔ ግን ገና አልለመድኩም፣ አሁንም አንዳንዱን እስታለሁ። ለአዲስ ዓመት ነይ። ፊት ቆመሽ አንቺ ትጠሪያለሽ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። እንዳትራሪልኝ።

አባትሽ ቶኩጂ